ከመንጠቆው ጀምሪ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም ደህና ነን። ደብዳቤሽን መጀመሪያ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። ዓሣ ማጥመድ ልትጀምሪ ነው! ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅሁት። የማስገድድሽ እንዳይመስልሽ ብዬ እንጂ ስንቴ ልጠይቅሽ አስቤ አፌን ይዣለሁ።

የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «የትኛውን ዘንግ ልግዛ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የማይበጠስ ክር የቱ ነው? ያን ቀን የተበጠሰብህን አልረሳሁትም» ይላል። በሁለተኛው ላይ የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ።

ዘንግ መጨረሻ ላይ ነው የሚገዛው። ሰው ሁሉ የሚጀምረው እጁ ላይ ካለው ጫፍ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ያምራል፣ እሱ ይታያል። ዓሣው ያለው ግን በሌላኛው ጫፍ ነው። ስለዚህ ከዓሣው አፍ ተነሺና ወደ እጅሽ ነይ፤ መጀመሪያ መንጠቆ፣ ቀጥሎ ቋጠሮ፣ ከዚያ ክር፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ፣ በመጨረሻ ዘንግ። ውድ ዘንግ ይዘው በደነዘ መንጠቆ ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩ የሚውሉ ሰዎች አይቻለሁ። ዓሣው ነክቶ ነክቶ ይተዋቸዋል፤ እነሱ ዕድላቸውን ያማርራሉ።

መንጠቆ ስትገዢ ቁጥሩ እንዳያሳስትሽ። ከ1 በላይ ያሉት ቁጥሮች ሲጨምሩ መንጠቆው ያንሳል፤ 10 ቁጥር ከ4 ቁጥር ያነሰ ነው። ከ1 ቁጥር መንጠቆ የሚተልቁት ደግሞ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባሉ ያድጋሉ። ብትጠራጠሪ አነስ ያለውን ያዢ። ትልቅ ዓሣ ትንሽ መንጠቆ ይጎርሳል፤ ትንሽ ዓሣ ግን ትልቁን አይችለውም። ስለቱን ለማወቅ ጫፉን በአውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ሳትጫኚ ጎተት አድርጊው። ነክሶ ከቆመ ስለታም ነው፤ ተንሸራቶ ካለፈ ወይ ሳይው ወይ ጣይው። እኔ ድንጋይ በነካ ቁጥር ነው የምፈትነው።

ከጫፉ ሥር ወደኋላ የዞረችውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቂያት። ብዙ ሰው «ዓሣው ያመልጣል» ብሎ ይፈራል። ክርሽ ካልላላ አያመልጥም። እሾህ የሌለው መንጠቆ ከዓሣው አፍ በአንድ ንቅናቄ ይወጣል፤ አንድ ቀን ጣትሽ ላይ ቢሰካም እንደዚያው። እሾህ ያለበት አንድ ጊዜ መዳፌ ውስጥ ገብቶ ከዓሣው ይልቅ እኔ ነበርኩ የታገልኩት። በትል ወይም በሥጋ ቁራጭ የምታጠምጂ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ ሞክሪ። እሱን መንጭቀሽ እንዳትስቢ! ዓሣው ይዞ ይሂድ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ቀስ እያልሽ አጠንጥኚ። መንጠቆው ራሱ ተንሸራቶ የአፉን ጥግ ይይዛል፤ ሆድ ውስጥ የሚገባው ከስንት አንድ ነው።

አሁን ቋጠሮው ላይ ደረስን።

ስምንት ዓመትሽ ነበር። ከቤት ስንወጣ ገና ጨለማ ነበር። ጎህ ሲቀድ ያ ዓሣ ያዘ። ሦስት ጊዜ ክሩን ይዞ ሄደ፣ ሦስት ጊዜ መለስኩት። አንዴ ብቻ ገልበጥ ብሎ ጎኑን አሳየን፤ አንቺ እልል አልሽ። መረቡን በሁለት እጅሽ ይዘሽ እስከ ጉልበትሽ ውሃ ውስጥ ቆመሽ ነበር። ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው ዘንጉ ቀጥ አለ። «ምነው አባዬ?» አልሽኝ። «ክሩ መናኛ ነው፣ ተበጠሰ» አልኩሽ።

ክሩ አልተበጠሰም ልጄ። የተበጠሰ ክር ጫፉ ይሻክራል ወይም ቁርጥ ያለ ነው። ከቋጠሮ ተንሸራቶ የወጣ ክር ግን ጫፉ እንደ ምንጭ ሽቦ ተጠቅልሎ ይመጣል። ያን ቀን ስስበው የመጣው እንደዚያ የተጠቀለለ ነበር። በጨለማ ቸኩዬ፣ ሳላርስ፣ በደረቁ ቋጥሬው ነበር፤ ጎትቼም አልፈተንኩትም። እንዳታዪው ጫፉን ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። ይኸው እስከ ዛሬ በክር ላይ እምነት አጥተሽ «የማይበጠስ የቱ ነው?» ትይኛለሽ። ጥፋቱ የእኔ እጅ ነበር። ያኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ቋጠሮውን በደንብ ተማሪው። የምመክርሽ ፓሎማር የሚባለውን ነው። ክሩን አጥፈሽ ሁለት እጥፍ አድርጊና እጥፉን በመንጠቆው ዓይን አሳልፊው። እጥፉን ከዋናው ክር ጋር ልል ተራ ቋጠሮ ቋጥሪ፤ ገና አታጥብቂው። ቀጥሎ መንጠቆውን ራሱን በእጥፉ ቀለበት ውስጥ አሾልኪ። አሁን በምራቅሽ በደንብ አርጥቢና ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ቀስ ብለሽ ሳቢ። በደረቁ ከሳብሽው ክሩ ከክሩ ጋር ሲፋተግ ይግላል፤ ናይለን ደግሞ ሙቀት ያዳክመዋል። ከዓይን የማይታይ ጉዳት ነው፤ የሚታወቀው ዓሣው ሲይዝ ነው። ሲጠብቅ ጥምጥሞቹ ከተጣመሙ ወይም ከተደራረቡ ቆርጠሽ እንደገና ጀምሪ። ካጠበቅሽው በኋላ መንጠቆውን በፒንሳ ይዘሽ ከልብሽ ጎትቺው። እዚያ ከተፈታ ምንም አልጠፋም።

ከእያንዳንዱ ትልቅ ዓሣ በኋላ የመጨረሻዋን አንድ ሜትር ክር በሁለት ጣትሽ መሃል አሳልፊያት። ሸከር ያለ ነገር ከተሰማሽ ቁረጪና አዲስ ቋጥሪ። ስንፍና የሚይዘው እዚህ ጋ ነው፤ በተለይ ዓሣው እየነካ ባለበት ሰዓት።

ክርን በተመለከተ፣ የማይበጠስ የለም። ለጀማሪ ተራው ነጠላ ናይለን ይበቃል፤ እኔም ዛሬ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የማጠምደው በእሱ ነው። ዋላስ ካሮተርስ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1935 ናይለንን ከመሥራቱ በፊት አጥማጆች የሚጠቀሙት ሐር፣ የተልባ ክር፣ ከዚያም በፊት የተገመደ የፈረስ ጭራ ነበር። ናይለን ይለጠጣል፤ ሰዉ እንደ ጉድለት ያየዋል፣ እኔ ግን ለዚህ ነው የምወደው። ዓሣው እግርሽ ሥር ደርሶ ድንገት ጭራውን ሲመታ ያ መለጠጥ የአንቺን ስህተት ይሸከምልሻል። የተጎነጎነው ክር ለተመሳሳይ ጥንካሬ በጣም ቀጭን ነው፤ አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ የትንሿን ዓሣ ንክኪ እንኳ እጅሽ ላይ ያደርሳል። ግን ይቅር አይልም። ደግሞ ይቆርጣል፤ መንጠቆሽ ድንጋይ ሥር ቢያዝ ይህን ክር በእጅሽ ጠምጥመሽ እንዳትጎትቺ። በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ላይ ጠምጥመሽ ሳቢው።

ፍሎሮካርቦን ስለሚባለው ሌላ የክር ዓይነት ብዙ ይወራል፤ «ውሃ ውስጥ አይታይም» ይላሉ። ውሃ ብርሃንን የሚያጥፍበት ልክ 1.33 ነው፣ የፍሎሮካርቦን 1.42 ገደማ፣ የናይለን ከ1.5 በላይ። ልኩ ለውሃው ስለሚቀርብ ከናይለን የተሻለ ይሰወራል እንጂ አይታይም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ለእኔ ሌላ ነው፤ ከናይለን ይልቅ ቶሎ ይሰምጣል፣ ድንጋይ ሲታከከውም ይችላል። ለመጨረሻዋ አንድ ሜትር ብቻ ከፈለግሽ ጨምሪው።

ማጠንጠኛ ስትመርጪ ፍሬኑን፣ ዓሣው ሲስብ ክሩን እየያዘ የሚለቀውን፣ ፈትኚ፤ ሌላው ብልጭልጭ ነው። ክሩን በእጅሽ ስትስቢው ሳይንገጫገጭ፣ እንደ ዘይት መውጣት አለበት። ፍሬኑን የምታጠብቂው ክሩ ከሚችለው ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ነው። ስድስት ኪሎ የሚችል ክር ካለሽ፣ በተንጠልጣይ ሚዛን ስትስቢው ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ላይ ክሩ መውጣት ይጀምር። ሚዛን ተጠቀሚ፤ እጅ ይዋሻል። ከጥቅልሉ ጠርዝም ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ ክር ሙይው፤ ከጎደለ መወርወሩ ያጥራል።

ትልቅ ዓሣ የሚጠፋበትን ሰዓት ደግሞ ልብ በይ። ዓሣው ርቆ ሲሄድ ሰው ይደነግጣል፣ ፍሬኑን ያጠብቃል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ክሩ በወጣ ቁጥር ጥቅልሉ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ያው ፍሬን ክሩን አብልጦ ይይዛል። የጥቅልሉ ስፋት በግማሽ ከቀነሰ በክሩ ላይ ያለው ጫና እጥፍ ይሆናል፤ ሳትነኪው ማለት ነው። በዚያ ላይ ውሃው ረጅሙን ክር ይጎትታል። እንግዲህ ሲርቅ አላላ አድርጊ እንጂ አታጥብቂ። ዓሣው ክር እየወሰደም እጀታውን አታዙሪ፤ ምንም አትመልሺም፣ ክሩን ነው የምታጣምሚው። ሲያርፍ ዘንጉን ቀስ ብለሽ አንሺ፣ ስታወርጂ አጠንጥኚ። ወደ ላይ ብቻ ከምትጎትቺ ዘንጉን ወደ ጎን አጋድመሽ ጭንቅላቱን አዙሪው። ጭንቅላቱ ከዞረ አካሉ ይከተላል።

ዘንጉማ አሁን ቀላል ሆነ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ መካከለኛ ጥንካሬ፣ ከያዝሽው ክር ጋር የሚመጣጠን። ግማሽ ቀን ይዘሽው ክንድሽ የማይዝል ይሁን። በቃ።

ውሃው ዳር ስትደርሺ ወዲያው አትወርውሪ። ዓሣ የእግርሽን ኮቴ ከጆሮው ሌላ ንዝረት በሚለይበት፣ በሁለቱም ጎኑ በተዘረጋው መስመር ይሰማዋል። ወደ ላይ ሲያይ ደግሞ የውጩ ዓለም የሚገባው 97 ዲግሪ ገደማ በተከፈተ ክብ መስኮት በኩል ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ ለእሱ መስታወት ነው። ከውሃው ገጽ ብዙ ያልራቀ ነገር በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቆ ነው የሚታየው። ለዚህ ነው ልጅ ሳለሽ «ጎንበስ በይ» እያልኩ የማስቸግርሽ። ጥላሽ ከፊትሽ ውሃው ላይ አይውደቅ። የመጀመሪያውን ውርወራ ደግሞ እግርሽ አጠገብ፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ አድርጊው። ሰው ሁሉ መሃሉን ይመኛል፤ ዓሣው ግን ብዙ ጊዜ ሣሩና ድንጋዩ ሥር፣ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ነፋስ ከተነሳ ነፋሱ የሚገፋበት ዳር ሂጂ። መወርወሩ ያስቸግርሻል፤ ግን በገጹ ላይ የሚንሳፈፈው ምግብ የሚከማቸው እዚያ ነው።

የምትመልሺውን ዓሣ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን አርጥቢ። ገላው ላይ ያለው ሙልጭልጭ ነገር ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው፤ ደረቅ እጅና አሸዋ ይገፉታል። ስታነሺው አብረሽው ትንፋሽሽን ያዢ፤ አንቺ መተንፈስ ስትፈልጊ እሱም ውሃው ውስጥ መሆን አለበት። መንጠቆውን ውጦት ከሆነ አትቆፍሪው፤ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቁረጪለት። በወራጅ ውሃ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙረሽ ደግፈሽ ያዢው፤ ወደፊትና ወደኋላ አትናጪው። ራሱ ከእጅሽ ሲሄድ ልቀቂው። በጣም በሚሞቅ ቀን ግን ለመልቀቅ ብለሽ አታጥምጂ። 0 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹህ ውሃ በአንድ ሊትር እስከ 14.6 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ 7.5 ገደማ ብቻ። ታግሎ የደከመ ዓሣ በዚያ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ቢሄድም ከዓይንሽ ከራቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። ያን ቀን ጥላ ሥር ቁጭ በይና ውሃውን ተመልከቺ።

የተቆረጠ ክር አንዲት ስንዝር እንኳ እዚያ አትተዪ፤ የወፍ እግር ይጠመጥማል። ክሩን የሚያሰምጠውን ክብደት ስትገዢም ከእርሳስ ይልቅ የቆርቆሮ ወይም የተንግስተን ካገኘሽ እሱን ያዢ። እንግሊዝ ትንንሾቹን የእርሳስ ክብደቶች እ.ኤ.አ. በ1987 ያገደችው ስዋን የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች እየዋጧቸው በመመረዛቸው ነው።

ፖስታው ውስጥ 6 ቁጥር ስድስት መንጠቆና ሦስት ሜትር ናይለን አለ። እሾሆቹን ጨፍልቄልሻለሁ። ማታ ማታ ቁጭ ብለሽ አምስቱ ላይ እየቋጠርሽ፣ እየፈታሽ ተለማመጂ፤ በኋላ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሞክሪ፣ ጎህ ሳይቀድ የምትቋጥሪው እንደዚያ ነውና። ስድስተኛውን ቋጥረሽ መልሰሽ ላኪልኝ። ሚዛን ላይ ሰቅዬ እጎትተዋለሁ፤ ስንት ኪሎ ላይ እንደተፈታ፣ ጫፉም እንዴት ሆኖ እንደመጣ እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ