ፎረንሲክ ፓቶሎጂስት ልትሆኚ ላሰብሽው ልጄ

ልጄ፣ ፎረንሲክ ፓቶሎጂስት (አስከሬን መርምሮ ሰው በምን እንደሞተ የሚያጣራ ሐኪም) እሆናለሁ ካልሽኝ ጀምሮ ስለ ስራው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። እናትሽ አሁንም "ሌላ ህክምና ጠፍቶ ነው ከሬሳ ጋር የምትውለው?" እያለች ነው፣ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሬሳው ሳይሆን ቶሎ በይ እያሉ የሚያጣድፉሽ ሰዎች ናቸው።

ቤት ተቃጥሎ ውስጡ አስከሬን ተገኘ እንበል፣ ፖሊሱ አደጋ ነው ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ነው፣ ቤተሰብም ቶሎ ቀብሮ ማልቀስ ነው የሚፈልገው። አንቺ ግን የመተንፈሻ ቧንቧው ውስጥ ጥቀርሻ ካጣሽ፣ ደሙም ውስጥ ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከሌለ፣ ሰውዬው እሳቱ ሳይነሳ በፊት ሞቶ እንዳይሆን መጠርጠር አለብሽ (መጠርጠር ያልኩት ድንገት ቦግ በሚል እሳት ጭስ ሳይስብ የሚሞትም ስላለ ነው)። ደግሞ እሳት ጡንቻን ስለሚያኮማትረው እጁ እንደ ቦክሰኛ ታጥፎ ይገኛል፣ ይሄን ያየ "ሲታገል ነው የሞተው" ብሎ ይምላል፣ ሙቀቱ መሆኑን የሚነግረው ሰው ከሌለ ያልገደለ ሰው ሊታሰር ነው እኮ!

የሞት ሰዓትም እንደዛው ነው። ፊልም ላይ ሬሳውን ነካ አድርገው ሰዓቱን ከነደቂቃው ይናገራሉ፣ እውነቱ ግን ሰውነት መገተር የሚጀምረው ባብዛኛው ከሞተ በኋላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ለመገተር ደግሞ 12 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ እሱም ሙቀት ሲሆን ይፈጥናል ብርድ ሲሆን ይዘገያል። መርማሪው "ቁርጡን ንገሪኝ" ብሎ ቢጨቀጭቅሽ ከዚህ እስከዚህ ባለው ጊዜ ነው ብለሽ እዛው ላይ ቁሚ።

አንዳንድ አገር የአሟሟቱ ሁኔታ በ5 ይመደባል፣ ተፈጥሯዊ፣ አደጋ፣ ራስን ማጥፋት፣ ግድያ፣ ያልታወቀ። እኔ የምፈራልሽ አምስተኛውን መፃፍ ሲኖርብሽ ነው፣ ምክንያቱም ፖሊሱም አቃቤ ህጉም ቤተሰቡም ማንም "ያልታወቀ" የሚል ወረቀት አይፈልግም፣ ጠበቃውም ችሎት ላይ አቅም አጥታ ነው ሊልሽ ይችላል። ይበልሽ! አስከሬኑ ላይ ያላየሽውን እንዳትፈርሚ።

ትምህርቱ ረጅም ነው፣ መጀመሪያ ህክምና ከዛ ፓቶሎጂ ከዛ ፎረንሲክ፣ እሱን ትችይዋለሽ። የህፃን አስከሬን የሚመጣበት ቀን ግን አይቀርም፣ የዛን ቀን ደውዪልኝ፣ ስለ ኬዙ መናገር እንደማትችዪ አውቃለሁ፣ ሌላ ሌላውን እናወራለን። እናትሽን ለኔ ተዪያት።

አባትሽ