የቪዲዮ ክበብ፦ ሁለት ኩባያና አንድ ፈረስ

የትምህርት ቤታችን የቪዲዮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ሥራውን ጥቅምት ላይ ሲጀምር 23 አባላት ነበሩት። ሰኔ ላይ 14 ቀሩ። ዘጠኙ ለምን እንደተዉት አውቃለሁ። የቪዲዮ ክበብ ሲባል በሳምንቱ ቲክቶክ ላይ የሚነግሡ መስሏቸው ነበር። እኔ መምህራቸው ደግሞ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሦስት አርብ ሙሉ አስቆርጣቸው ነበር። አልፈርድባቸውም።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነበር። ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የምትመጡበትን መንገድ በአንድ ደቂቃ አሳዩኝ አልኳቸው። ሁሉም ስልካቸው ላይ ካፕከት የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ስላላቸው እዚያው ሠርተውት መጡ። አቤት የትራንዚሽን (ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ) ብዛት! ምስሉ እንደ እንዝርት ይሾራል። በልብ ቅርጽ ይከፈታል። እንደ መስታወት ይሰባበራል። በየመሃሉ "ሹው" የሚል ድምፅ አለ። በአንዱ ቪዲዮ 19 ትራንዚሽን ቆጠርኩ። የሚታየው ከጊዮርጊስ ወደ አራት ኪሎ የምትወርድ ሚኒባስ ነው። በልጁ አያያዝ ግን ጨረቃ ላይ ልትወጣ የተነሳች ትመስላለች።

ትራንዚሽኑን በሙሉ አውጥታችሁ መልሳችሁ አሳዩኝ አልኩ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ አውጥታ ስታየው ደነገጠች። "ቲቸር፣ ባዶ ሆነ እኮ!" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ባዶ ሆኗል። ድሮም ሁለቱ ቀረጻዎች አይገናኙም ነበር፤ ሹውታው ሸፍኖላት ነው። ዓመቱን ሙሉ የተከራከርነው በዚህች ነገር ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከኅዳር ጀምሮ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተዛወርን። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ያነሱልኝ ልጆች ነበሩ። ነፃ ቅጂ አለው፣ ጎበዝ ሶፍትዌርም ነው። የኛ ኮምፒውተሮች ግን 4 ጊጋባይት ራም ይዘው እሱን ሲከፍቱ ያቃስታሉ። ስለዚህ ሾትከትን መረጥን። ነፃ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ሾትከት ላይ ትራንዚሽን ፍለጋ ሜኑ ለሜኑ መዞር የለም። ሁለተኛውን ክሊፕ (የቀረጻ ቁራጭ) ትይዝና የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ትጎትተዋለህ። የተደራረበው ቦታ ራሱ ትራንዚሽን ይሆናል። ምንም ካልነካህ ዲዞልቭ ነው፤ አንዱ እየደበዘዘ ሌላው ይወጣል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሠራህ፣ 25 ፍሬም መደረብ የአንድ ሰከንድ ዲዞልቭ ይሰጥሃል።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው የመጣው። ለመደረብ ትርፍ ምስል ያስፈልጋል። ልጆቹ የሰው ንግግር ሲቀርጹ ተናጋሪው አፉን እንደዘጋ ስልኩን ያቆማሉ። ዲዞልቩ ሲገባ የመጨረሻውን ቃል ይበላዋል። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን፦ ከመናገሩ በፊት ሁለት ሰከንድ፣ ከተናገረም በኋላ ሁለት ሰከንድ ይቀረጽ። ተናጋሪዎቹ በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ካሜራውን አፍጥጠው ያዩታል። ይሁን፣ እሱ ይቆረጣል።

ሌላው ጣጣ ደግሞ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ቡድን ትረካውን ከምስሉ ጋር ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ "እናሳምረው" ብሎ ምስሉ ላይ 12 ትራንዚሽን ጨመረ። እያንዳንዱ አንድ ሰከንድ ነው። ምስሉ 12 ሰከንድ አጠረ፣ ትረካው ግን አላጠረም። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ እየተተረከ የሚታየው የሻይ ቤቱ ወረፋ ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። አሁን መጀመሪያ ቆርጠን እንጨርሳለን፣ ከዚያ ትራንዚሽን፣ ድምፅ መጨረሻ ላይ።

ጥር ላይ ያለቀስንበትም ቀን ነበር። አንድ ልጅ የሁለት ሳምንት ሥራውን በፍላሽ ይዞ መጣ። ስንከፍተው ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ያለው ሁሉ ጠፍቷል ይላል። ያመጣው የፕሮጀክቱን ፋይል ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ቪዲዮው የት እንዳለና የት ላይ እንደተቆረጠ ይመዘግባል እንጂ ቪዲዮውን አይዝም። ዋናው ቀረጻ ስልኩ ላይ ነበር፣ ስልኩ ሞልቶበት አጥፍቶታል። ምንም ማድረግ አልተቻለም። አሁን ሁሉም አባል አንድ ፎልደር ከፍቶ ምስሉንም ድምፁንም ፕሮጀክቱንም እዚያው ያስቀምጣል፣ ሲገለብጥም ፎልደሩን እንዳለ ነው።

ወደ ድምፅ ልምጣ፤ ዘንድሮ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ከኢንተርኔት የወረደ "ሹው" እና "ቡም" አግጃለሁ። ድምፅ የፈለገ ራሱ ይቅዳ አልኩ። መጀመሪያ አኮረፉ። ቀጥሎ አንዱ ምስር ትሪ ላይ እየበተነ ዝናብ ሠራ። ሌላዋ ፈንዲሻ ሲፈነዳ ቀድታ የርችት ድምፅ ነው አለችን፣ አላመንናትም። የእግር ኮቴን ከምስሉ ጋር እያዩ በኋላ መቅዳት የቆየ ሙያ መሆኑን ነገርኳቸው። ሥራው እስከ ዛሬ ፎሊ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1891 እ.ኤ.አ. ከተወለደውና በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይህንኑ ይሠራ ከነበረው ከጃክ ፎሊ ነው።

ያቺ 19 ትራንዚሽን የነበረባት የሚኒባስ ቪዲዮ መጋቢት ላይ ተመልሳ መጣች። ረዳቱ "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ይላል። በሩን ይስበዋል። ጓ! በዚያው ቅጽበት ምስሉ ይቆረጥና የክፍላችን በር ሲዘጋ እናያለን። ትራንዚሽን የሚባል ነገር የለም፣ ግን ማንም መቆረጡን አላየም። ልጁን እንዴት አሰብከው ስለው "ቲቸር፣ በየቀኑ የምሰማው እሱን አይደል?" አለኝ።

የዓመቱ ትልቁ ሥራ የዓድዋው ነበር። የካቲት 23ን ለማክበር ሦስት ደቂቃ ተሰጠን። ልጆቹ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት ቀርጸው መጡ። የፈረስ ኮቴ እንጨምርበት አሉ። ግማሾቹ ተቃወሙ። ሐውልት አይጋልብም፣ ሰው ይስቅብናል ነው ክርክራቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። መፍትሔውን ያመጣችው ያቺው "ባዶ ሆነ" ያለችኝ ልጅ ናት። ኮቴው ሐውልቱ ላይ አይሁን፣ ከሐውልቱ በፊት ይምጣ አለች። ምስሉ ገና የባዶ ሜዳችን ሆኖ ሳለ ኮቴው ከሩቅ ይሰማል። እየቀረበ ይመጣል። ድንገት ይቆማል። ያኔ ሐውልቱ ይታያል፣ ጸጥ ብሎ። ድምፁ ከምስሉ የሚቀድምበት ይህ አቆራረጥ በሙያው ጄ ከት ይባላል። ልጅቷ ስሙን አታውቀውም ነበር።

ኮቴውን የሠራነው አፈር በሞላ ትሪ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ በአፋቸው ደፍተን እየመታን ነው። ሃያ ጊዜ ያህል ቀዳነው። የፒያሳ ግንባታ፣ የታክሲ ክላክስ፣ የቅዳሴ ድምፅ እየገባበት። በመጨረሻ ደብተር ማስቀመጫ ክፍል ገብተን በራችንን በጃኬት ደፈንን።

ሜዳ ላይ ሲታይ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ከኮቴው ሥር ከበሮ ደርበን ነበር፣ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ደረት ይመታል። በሚኒ ሚዲያው የቀንድ ድምፅ ማጉያ ግን ከበሮው ጭራሽ የለም። እነዚያ ማጉያዎች ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችሉም። የተሰማው ኩባያው ብቻ ነው። ደግነቱ እሱ በቂ ሆነ፤ የኋላ ሰልፍ ላይ የቆሙ የ9ኛ ክፍል ልጆች ዞር ብለው ወደ በሩ ሲያዩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለከርሞ ሁለት ጆሮ ማዳመጫና አንድ ማይክ ጠይቀናል። የዘንድሮው ማይክ ገመዱ በፕላስተር ተይዞ ነው የጨረሰው። ኩባያዎቹ ከመምህራን ማረፊያ የተወሰዱ ናቸው፣ አልተመለሱም። ሻይ የሚያፈሉልን እትዬ በየጠዋቱ "መምህር፣ ፈረሶቼን መቼ ነው የምትመልሱልኝ?" ይሉኛል።