ደግመን ያነበብነው መጽሐፍ፦ የሥነ ጽሑፍና ንባብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሥነ ጽሑፍና ንባብ ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ያከናወነውን ሥራ ለመጽሔቱ እንዳቀርብ ስጠየቅ፣ እንደ ወትሮው የተነበቡትን መጻሕፍት ብዛት፣ የተካሄዱትን ውይይቶችና የተሸለሙትን ተማሪዎች መዘርዘር አስቤ ነበር። ብዕሬን ሳነሣ ግን ዘንድሮ የሚዘረዘር ብዙ ነገር እንደሌለ ተገነዘብሁ። ክበቡ ከጥር እስከ ሰኔ የተነጋገረው በአንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው፤ እርሱንም ከአባላቱ የሚበዙት አስቀድመው አንብበውት ነበር። ስለዚህ የማቀርበው ያን መጽሐፍ ደግመን በማንበባችን ያገኘነውን ነው።

መስከረም ላይ አርባ አንድ ተማሪዎች ተመዝግበው ሥራ ስንጀምር አካሄዳችን የተለመደው ነበር። በየሁለት ሳምንቱ አንድ መጽሐፍ አንብቦ አጭር ማጠቃለያ የሚያቀርብ ተማሪ ነጥብ ይያዝለታል፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ብዙ ነጥብ ያገኘው በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ይሸለማል። ኅዳር ሲጋመስ ሐሙስ ሐሙስ በአሥር ሰዓት የሚመጡት ሃያ ስድስት ብቻ ቀሩ። ከእነርሱ መካከል አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጥሩ ማጠቃለያ አቅርቦ ሲጨርስ፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ከልቡ ያልወጣለት የትኛው ቦታ እንደሆነ ጠየቅሁት። ልጁ ለጥቂት ጊዜ አቀርቅሮ ቆየና ያነበበው የመጽሐፉን የጀርባ ሽፋን ብቻ መሆኑን በሁሉም ፊት ነገረኝ። ድፍረቱን አከበርሁለት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ማንበብን እንደ ሩጫ አድርጌ ያስያዝኋቸው እኔ ነኝና፣ ቀድሞ ለመድረስ አቋራጭ የፈለገ ልጅ ሊወቀስ አይገባውም።

በሚቀጥለው ሐሙስ የነጥብ መዝገቡን ዘግቼ አንድ ነገር ብቻ ለመንኋቸው፤ ከየቤታቸው አንድ የተወደደ መጽሐፍ ይዘው እንዲመጡ። አዲስ ይሁን አሮጌ ግድ የለኝም፣ ብቻ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ያነበበው ይሁን አልኋቸው። ያመጡትን ባየሁ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንዱ የአያቱን ዳዊት ከነማኅደሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ፤ ቅጠሎቹ ከጣት ብዛት ጠርዛቸው ጠቁሯል። አንዲት ልጅ እናቷ በልጅነቷ የተማረችበትን የአማርኛ ማንበቢያ በፌስታል ጠቅልላ አመጣች። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ባዶ እጁን ነበር። ተራው ሲደርስ፣ «እኛ ቤት መጽሐፍ የለም፤ አያቴ ግን አንድ መጽሐፍ በቃሏ ታውቃለች» አለን። የትኛውን መጽሐፍ እንደሆነ ብንጠይቀው «በሬዲዮ የሰማችውን፣ ፍቅር እስከ መቃብርን» ብሎ መለሰ።

የሐዲስ አለማየሁ ልብ ወለድ ፍቅር እስከ መቃብር ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው፣ መጽሐፉን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች በጆሯቸው አንብበውታል። የተማሪያችን አያትም ከእነርሱ አንዷ ናቸው። በጥር ወር አንድ ሐሙስ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ክበባችን መጡና ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ከዚያም «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ በዛብህን ግን አውቀዋለሁ» ብለው ስለ መጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ጀመሩ። በመንደራቸው ሬዲዮ የነበረው በአንድ ቤት ብቻ ስለ ነበር የትረካው ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብ እንደ ነበር፣ ቡናውም ቀድሞ ተፈልቶ፣ ሕፃናትም ቀድመው ተኝተው እንደሚጠበቅ አወጉን። የልጅ ልጃቸው አንድ ምዕራፍ ማንበብ ሲጀምር ጥቂት ሰሙትና እጃቸውን አነሡ። «ቀስ በል ልጄ፣ እዚህ ጋ አይሮጥም» አሉት። ልጁም ገጹን ከላይ ጀምሮ ቀስ ብሎ ደገመው። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ከንባቡ ጋር አብሮ ሲንቀሳቀስ ሁላችንም አየን። ከዚያች ቀን ጀምሮ የክበቡ መጽሐፍ ሌላ ሊሆን አልቻለም። ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ሳይቸኩሉ ማንበብም ከዚያው ቀን ጀምሮ ደንባችን ሆነ።

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የተገኘው የመጽሐፉ ቅጂ አንድ ብቻ ነበር። የፊት ሽፋኑ ከወደቀ ቆይቷል፤ በምትኩ አንድ ደግ ሰው በግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ለብጦታል፤ በጀርባው በኩልም የጳጉሜን ቀናት እስካሁን ይነበባሉ። ከመካከሉ ስድስት ቅጠሎች፣ ከመጨረሻውም አራት ቅጠሎች ጎድለውታል። እኔ ሌላ ቅጂ ከአራት ኪሎ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ገዝቼ ለመተካት አስቤ ነበር፤ ገዛሁም። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን አሮጌው እንዳይጣል ለመነችኝ። ከአዲሱ ቅጂ የጎደሉትን ገጾች አንድ በአንድ በእጇ ገለበጠች፤ መስመር በሌለው ወረቀት ላይ፣ የኅትመቱን ስፋት በማስመሪያ ለክታ፣ እያንዳንዱ ገጽ በታተመበት ቃል እንዲጀምርና እንዲያበቃ አድርጋ። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አንድ ገጽ ላይ አንድ መስመር ዘልላ ስለ ነበር ያን ገጽ ቀድዳ እንደ ገና ጻፈችው። ስትጨርስ ወረቀቶቹን በመርፌና በሰም በተቀባ ክር ከየቦታቸው ሰፋቻቸው። ዛሬ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው ከኅትመት ወደ እጅ ጽሑፍ፣ ከእጅ ጽሑፍም ወደ ኅትመት ይሻገራል፤ ታሪኩ ግን የትም አይቋረጥበትም። ለምን ይህን ያህል እንደ ደከመች ስጠይቃት፣ «ከኔ በፊት ያነበቡት ሰዎች ያሰመሩበት ነገር አለ፤ አዲሱ ላይ እነሱ የሉም» አለችኝ።

እውነትም ነበሩበት። በኅዳጎቹ ላይ በእርሳስ፣ በሰማያዊ ቢክ፣ አንድ ቦታም በአረንጓዴ ቀለም የተጻፉ አጫጭር ቃላት አሉ። ከሰብለ ወንጌል ንግግር ጎን «ወይኔ!» የሚል፣ ከጉዱ ካሳ ረጅም ንግግር ጎን ደግሞ «እውነቱን ነው» የሚል። በመጽሐፍ ላይ መጻፍ በትምህርት ቤታችን የተከለከለ ነው፤ ክልከላው ትክክል መሆኑንም አምናለሁ። ሆኖም ልጆቹ እነዚያን የማይታወቁ አንባቢዎች እንደ ቀድሞ የክበብ አባላት አድርገው መቁጠር ስለ ጀመሩ፣ ጽሑፎቹን በላጲስ ማጥፋት አልሆነልኝም።

የውይይታችን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ከፊተኛው ንባብህ ምን ተለወጠ? በዚህ ጥያቄ ያገኘሁትን መልስ በብዙ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ከየትኛውም የፈተና ወረቀት አላገኘሁም። ብዙዎቹ በመጀመሪያ ያነበቡት በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ተስበው ነበር፤ የቀረውን እየዘለሉ፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን ገጽ ብቻ እየፈለጉ። በዳግም ንባባቸው ግን አንዱ ጉዱ ካሳ ዘንድ ቆመ፤ በፊት እንደ እብድ የሳቀበትን ሰው አሁን በተናገረው ቃል ሁሉ ከልቡ ሰማው። ሌላዋ የበዛብህን እናት ውድነሽን አሰበች። ልጇ በሕይወት እንዲቆይላት ብላ ለእግዚአብሔር የተሳለችው ስለት ኋላ በልጇ ፍቅር ላይ እንቅፋት ሆኖ ሲቆም፣ ያኔ በእናትየዋ ተናድጄ ነበር አለችን። በዚህ ዓመት ታናሽ ወንድሟ ታሞ ሆስፒታል ሲያድሩ እናቷ በሌሊት ስለት ስትሳል ሰምታ ነበርና፣ «አሁን ልፈርድባት አልችልም» ብላ ድምፅዋ ተቆረጠ። ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የሚመጥን ባል የለም ብለው ያስቀሯት ፊታውራሪ መሸሻ እንኳ የሚያዝንላቸው አገኙ፤ አንድ ልጅ ክብራቸውን ይዘው ብቻቸውን የቀሩ አዛውንት ናቸው ብሎ ሲከራከርላቸው ሌሎቹ አልተስማሙም፤ ክርክሩም ሁለት ሐሙስ ፈጀ። በመጽሐፉ ውስጥ ከፊተኛው ንባባቸው ወዲህ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጡት ልጆቹ ናቸው፤ መጽሐፉም የቀደመ ማንነታቸውን በየገጹ አስቀምጦ ጠበቃቸው።

የካቲት ላይ ከአባሎቻችን አንዷ አባቷን በሞት አጣች። ለቅሶ ልንደርስ ቤቷ ስንሄድ፣ ምን ብለን እንደምናጽናናት ሳናውቅ ከድንኳኑ ሥር ተቀመጥን። ከአንድ ወር በኋላ ወደ ክበቡ ስትመለስ ስለ ሐዘኗ ማንም አልጠየቃትም። እርሷ ግን በራሷ ጊዜ ነገረችን፤ እንቅልፍ እምቢ ባላት ሌሊት የምታነበው አዲስ መጽሐፍ እንዳልሆነ፣ አዲስ ታሪክ ምን ይዞባት እንደሚመጣ ስለማታውቅ እንደምትፈራው፣ በልጅነቷ አባቷ ያነበቡላትን የተረት መጽሐፍ ግን መጨረሻውን ስለምታውቀው ያለ ፍርሃት እንደምትገባበት። «ጅቡ የት ጋ እንደሚመጣ አውቃለሁ» አለች። እኔ ስለ መጻሕፍት አጽናኝነት ከብዙ ሊቃውንት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች ልጅ ቃል አንጀቴን የበላው ግን አላስታውስም።

እኔም ያን ሌሊት አውቀዋለሁ። መምህር ሆኜ ዕጣ ወደ ሩቅ የገጠር ወረዳ በጣለኝ ዓመት በሻንጣዬ የያዝሁት ልብ ወለድ ይኸው ፍቅር እስከ መቃብር ብቻ ነበር። መብራት ስላልነበረ በኩራዝ አነብበው ነበር፤ ጭሱ አፍንጫዬን ቢያጠቁረውም ሦስት ጊዜ ጨረስሁት። ዘመድም ጓደኛም በሌለበት አገር፣ ከሥራ ወደ ኪራይ ቤቴ ስመለስ የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ ይሰማኝ ነበር። ያን ቅጂ ያዋስሁት የሥራ ባልደረባዬ ሳይመልስልኝ ተዛውሮ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

በሚያዝያ ወር ለተማሪዎቹ ከነገርኋቸው ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ የመሰጣቸው የገጣሚው የነቢይ መኮንን ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፣ ጎን ዊዝ ዘ ዊንድን፣ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ጽሕፈት ወረቀት ስላልነበረው የጻፈው በሲጋራ ፓኮ የውስጥ ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቶቹ ሦስት ሺህ ያህል ሆኑ፤ በሚፈቱ እስረኞች እጅም ከእስር ቤት ወጡ። ኋላ ነገም ሌላ ቀን ነው በሚል ርእስ ታትሞ የብዙ አንባቢ ወዳጅ ሆነ። ይህን ስተርክ ያቺ ገጾቹን የገለበጠችው ተማሪ ከኋላ ተነሥታ፣ የሲጋራ ወረቀቱ ስፋት ምን ያህል እንደሚሆንና በአንዱ ላይ ስንት መስመር እንደሚጻፍ ጠየቀች። ለክቼ አላውቅምና አንድ ባዶ ፓኮ አስፈልገን ቀደድነው፤ ከእርሷ ጥቃቅን የእጅ ጽሑፍ አሥር መስመር ያህል ያዘ። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። ልጆቹ ያችን ቁራጭ ወረቀት እየተቀባበሉ ዝም ብለው ተመለከቷት።

ሌሎቹን ሥራዎቻችንን በአጭሩ ልጥቀስ። በግንቦት ወር፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውንና ዛሬም ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጎበኘን፤ ልጆቹ የብራና መጻሕፍቱን ሲያዩ የዳዊቱ ባለቤት ለሌሎቹ አስረጂ ሆነላቸው። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ በየሳምንቱ ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት አሥር ደቂቃ ስለ ሰጠን፣ ከመጽሐፉ የተመረጡ ክፍሎች በተማሪዎቻችን ድምፅ ለመላው ትምህርት ቤት ተነብበዋል። ሦስት መጻሕፍት ተውሰው ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ የወሰዷቸው ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ ያለ ቅጣት እንዲመልሱልን እለምናለሁ። በዓመቱ መጨረሻ የአባላቱ ቁጥር ሠላሳ አራት ደርሷል። ያ የጀርባ ሽፋን ብቻ ያነበበው ተማሪም ከእነርሱ ጋር ነው፤ በሰኔ ወር የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዲያነብልን አባላቱ የመረጡት እርሱን ነበር፤ አልሮጠበትም።

የተሰፋው አሮጌ ቅጂ ክረምቱን በመደርደሪያ ላይ እንዳያሳልፍ ስለ ተስማማን፣ በየሁለት ሳምንቱ ከአንድ አባል ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወራል። በጀርባው የለጠፍነው ወረቀት ላይ ተረካቢዎቹ በቅደም ተከተል ተጽፈዋል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሰፈረው የእኒያ አያት ስም ነው፤ ሲረከቡ ስማቸውን የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ እርሳቸውም ከጎኑ በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል።