ውስጡ ሰው ነበረ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጌታሁን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላምታ ማቅረብ እንደማያምርብኝ አውቃለሁ፤ የዝምታዬን ምክንያት ወደ መሐል ስደርስ እነግርሃለሁ። ለጊዜው ብዕር ያስነሣኝ ያልከፈልሁህ ዕዳ ነው። ሾላ ገበያ አጠገብ በነበረችው ቪዲዮ ቤት፣ በሃምሳ ሳንቲም ገብተን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን «ኤሊየን» የሚባለውን የጠፈር አውሬ ፊልም ያየን ማታ ትዝ ይልሃል? ጨለማውን እየፈራን ወደ ቤት ስንመለስ አንተ «ያ ረጅም ጭንቅላት ያለው አውሬ ውስጡ ሰው አለ» ስትል፣ እኔ «እንዲህ ያለ ቁመና ያለው ሰው አልተፈጠረም፤ ማሽን ነው» ብዬ ተከራከርሁህና በአንድ ሳህን ፉል ተወራረድን። ዳኛ የሚሆነን ሰው ስላልነበረ ነገሩ ሳይቋጭ ቀረ። እነሆ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ተበልቻለሁ።

ሰውየው ቦላጂ ባዴጆ ይባላል። ሌጎስ የተወለደ ናይጄሪያዊ ሲሆን፣ ለንደን ውስጥ የግራፊክ ጥበብ ይማር የነበረ፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያለፈ ቀጭን ወጣት ነበር። ለፊልሙ ተዋናይ ሲያፈላልግ የነበረ አንድ ወኪል ሶሆ በሚባለው ሰፈር መጠጥ ቤት ውስጥ አየውና ወደ ዳይሬክተሩ ወደ ሪድሊ ስኮት ወሰደው። ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሠራም። አካሄዱ የሰው እንዳይመስል ታይቺ የሚባለውን የቻይናዎች ዝግተኛ እንቅስቃሴና ማይም የሚባለውን ያለ ቃል በአካል ብቻ የመተወን ጥበብ አስተማሩት፤ የልብሱ ጅራት ወንበር ላይ ስለማያስቀምጠውም በቀረጻ መሐል የሚያርፍበት እንደ ዥዋዥዌ ያለ መቀመጫ ሠሩለት። አሁን ደግሞ ጉዱን ስማ። ይህ ሰው ለንደን ከመግባቱ በፊት ከወላጆቹ ጋር ሦስት ዓመት የተቀመጠውና ሥነ ጥበብ የተማረው እዚሁ እኛ አገር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው! ይህን ሳነብ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። በቪዲዮ ቤቷ ውስጥ ብርድ ልብስ ያስጎተተን አውሬ እንጀራችንን የበላ፣ ምናልባትም «ጤና ይስጥልኝ» ማለት የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው። በ39 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ሌጎስ ውስጥ ሲክል ሴል በሚባለው የደም በሽታ አረፈ። ነፍሱን ይማር።

ወደዚህ ሁሉ የመራኝ የዚያው ተከታታይ አዲስ ፊልም ነው፤ «ኤሊየን፡ ሮሙለስ» ይባላል። ሲኒማ ቤቶች የገባው ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ፍልሰታን ስንጾም ማለት ነው። እኔ ያየሁት ግን ዘግይቼ፣ በቤቴ፣ በሌሊት ነው። እንደምታውቀው እንጀራዬ የፊልም ሜካፕ ስለሆነ፣ ፊልሙን አንድ ጊዜ ለመፍራት፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ አሠራሩን ለመሰለል አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ስለ አሠራሩ የተነገረውን ሁሉ ማሳደድ ያዝሁ።

ዳይሬክተሩ ፌዴ አልቫሬዝ የኡራጓይ ሰው ነው። ታሪኩ እንደኛ ላለ ባለሙያ ያስቀናል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ግዙፍ ሮቦቶች ከተማውን ሞንቴቪዴዮን ሲያወድሙ የሚያሳይ፣ 300 ዶላር ብቻ ፈጀ የተባለለት አጭር ፊልም ሠርቶ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀና ሆሊውድ ራሱ ፈልጎት መጣ። የሮሙለስ ሐሳብ የመጣለትም ከቆሻሻ መጣያው ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሁለተኛው ፊልም ለሲኒማ ሲዘጋጅ ተቆርጦ የወጣ አንድ ትዕይንት አለ፤ በሩቅ ፕላኔት ላይ በተቆረቆረች የሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ሕፃናት ሲራወጡ ያሳያል። አልቫሬዝ «እነዚህ ልጆች እዚያው ቢያድጉ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ምን ዓይነት ሰዎች ይሆናሉ?» ብሎ አሰበ። ከዚህ የተነሣ ታሪኩን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፊልም መካከል፣ ከመጀመሪያው 20 ዓመት በኋላ አስቀመጠው፤ ጀግኖቹንም ወታደርና ሳይንቲስት ሳይሆን የማዕድን ሠራተኞች ልጆች አደረጋቸው። እኔ ከፊልሙ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ምርጫ ነው፤ ፍርሃቱ አውሬው ሳይመጣ ይጀምራልና።

የዝምታዬ ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሬይን የምትባለው ልጅ ፀሐይ በማታይባት በዚያች ሰፈር ስትሠራ ኖራ፣ በውሏ የተጻፈውን የሥራ ሰዓት ጨርሳ፣ የመውጫ ፈቃዷን ልትቀበል ወደ ቢሮ ትሄዳለች። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ በትሕትና ኮታው ወደ 24,000 ሰዓት ከፍ ማለቱን፣ ስለዚህ ገና አምስት ስድስት ዓመት እንደሚቀራት ትነግራታለች። ደም የለ፣ ጩኸት የለ፤ እኔ ግን ፊልሙን አቁሜ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ከዱባይ የጻፍህልኝ የመጨረሻው መልእክት «ውሌ አልቆ ሻንጣዬን ከቆለፍሁ በኋላ ሌላ ሁለት ዓመት ነው አሉኝ፤ ፓስፖርቴም እነሱ እጅ ነው» የሚል ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስልህ አጣሁ። ነገ እጽፋለሁ ስል ወር ሆነ፣ ከወር በኋላ እፍረት ጨመረ፣ እፍረቱም ዓመታቱን በላ። ይቅር በለኝ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ወደ አሠራሩ ልመለስ፤ ልነግርህ የጓጓሁት እሱን ነውና። ቀረጻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2023፣ ሃንጋሪ ውስጥ፣ ቡዳፔስት ላይ ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ፊልም ሲሠራ ተዋናዩን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቁሞ «አውሬ መጥቶብሃልና ፍራ» ማለት የተለመደ ነው። አልቫሬዝ በተቻለው ሁሉ ይህን አልፈለገም። የመንኮራኩሩን መተላለፊያዎች በእውን አሠራ፤ ፊት ላይ የሚለጠፉትን ሸረሪት መሳይ ፍጡራን በሪሞት እንዲሮጡ አድርጎ አሠራ፤ ትልቁን አውሬም አንዳንዴ ልብሱን በለበሰ ሰው፣ አንዳንዴ በሰዎች እጅ በሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት አሳየ፤ ኮምፒዩተሩ የገባው እጅ የማይደርስበትን ለመሙላት ነው። ቀረጻውንም በታሪኩ ቅደም ተከተል አስኬደው። ይህ እንዴት ያለ ቅንጦት እንደሆነ ላስረዳህ፦ እኛ ቤት ሲከራይ የቤቱን ትዕይንት ሁሉ በሁለት ቀን ቀርፀን ስለምንጨርስ፣ ተዋናዩ ጠዋት ቀብሩ ተፈጽሞ ከሰዓት በኋላ ሠርጉ ይደገሳል፤ እኔም ያሸበትሁለትን ፀጉር አጥቤ መልሼ አጠቁራለሁ። እነዚያ ወጣቶች ግን ድካሙም፣ ፍርሃቱም፣ የጓደኞቻቸው መጉደልም በተራው ነው የደረሰባቸው።

ፍጡራኑን ከሠሩት መካከል አሌክ ጊሊስና ሼን ማሃን ይገኛሉ፤ ሁለቱም በ1986ቱ ፊልም ላይ በወጣትነታቸው በፍጡር ሠሪው በስታን ዊንስተን ሥር የሠሩ ናቸው። 38 ዓመት ቆይቶ ወደዚያው አውሬ መመለስን አስበው። እነሱ ሲሊኮን፣ ሞተርና ኤሌክትሮኒክስ አላቸው፤ የመጀመሪያው ፊልም ሠሪዎች ግን አብዛኛውን ነገር ከሥጋ ቤትና ከዓሣ ገበያ ነበር ያመጡት። ያ ፊት ላይ የሚለጠፈው ፍጡር ሞቶ ሆዱ ሲመረመር የምናየው የውስጥ አካል የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ እንስሳና የበግ ኩላሊት ነው፤ እኛ በሽንኩርትና በቃሪያ የምንጠብሰው ማለት ነው። በዚያው ፊልም ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ደረት አውሬው ፈንድቶ ሲወጣም ተዋናዮቹ የሆነ ነገር እንደሚመጣ ቢያውቁም ደሙ ምን ያህል እንደሚረጭ አልተነገራቸውም ነበር፤ ከተዋናዮቹ አንዷ ቬሮኒካ ካርትራይት ፊቷ ላይ ደም ሲረጭባት ያሳየችው ድንጋጤ እውነተኛ ነው። እኔ የፊልም ደም የምሠራው ከስኳር ሽሮፕና ከቀይ የምግብ ቀለም ስለሆነ፣ ደጅ በቀረፅን ቁጥር ዝንብ ይወረናል፤ ተዋናዩ ሞቶ ተጋድሞ ዝንብ ሲያባርር ስንት ትዕይንት እንደተበላሸብን! ይሁን እንጂ ደሙ እጁ ላይ ሲጣበቅበት የሚያሳየውን ፊት ያለ ደም አገኝለታለሁ ብዬ አልደክምም።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። በመጀመሪያው ፊልም የሰው ሠራሽ ሰው ሆኖ የተጫወተው ኢያን ሆልም እ.ኤ.አ. በ2020 ዐርፏል። አልቫሬዝ ቤተሰቡን አስፈቅዶ መልኩን ወደ አዲሱ ፊልም መለሰው፤ አካሉ በሞተር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ሲሆን፣ የፊቱን እንቅስቃሴና ድምፁን ሌላ ተዋናይ ሰጥቶታል፣ በላዩም በኮምፒዩተር የተሠራ ፊት ተደረበበት። ሲኒማ ቤት ያዩት ብዙዎች በተለይ አፉን አልወደዱትም፤ ዳይሬክተሩም ጊዜ እንዳጠራቸው አምኖ፣ ለቤት በወጣው ቅጂ ላይ ኮምፒዩተሩን ቀንሶ አሻንጉሊቱን አጉልቶታል። እኔ ያየሁት የተሻሻለውን ነው፤ ያም ሆኖ ከበደኝ። ቤተሰብ ፈቀደ መባሉ ሕጉን ያሟላል፤ ሟቹ ግን «ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አልላትም» ማለት አይችልም። አጠገቡ ደግሞ ዴቪድ ጆንሰን የተባለው ወጣት፣ አንዲ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ወንድም ሆኖ፣ ዓይኑንና ትከሻውን ብቻ ለውጦ ከየዋህነት ወደ በረዶነት ሲሻገር ታየዋለህ፤ ያንን ያየ ሰው የሟች ፊት ምን አስፈለገ ይላል።

ገንዘቡን በአጭሩ ልንገርህ፤ ፊልሙ የታሰበው «ሁሉ» (Hulu) ለሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ሆኖ ሳለ ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ ሲኒማ ቤት ላኩት። 80 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 350 ሚሊዮን ያህል አስገባ።

የመጨረሻውን ክፍል ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ። በፊልሙ ማብቂያ ላይ ከሰውና ከአውሬው የተዳቀለ፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ እጅግ ረጅም ፍጡር ይመጣል። ፈገግ ሲል ትራሴን ይዤ ነበር። እንደ ልጅነቴ «ይህስ በእርግጥ ኮምፒዩተር ነው» አልሁ፤ አንተ ብትኖር ሌላ ሳህን ፉል አስይዤ ነበር። አሁንም ሰው ነው ጌታሁን! ሮበርት ቦብሮችኪ የሚባል ሮማኒያዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ31፣ ተዋናይ ያልነበረ፣ በቁመቱ ምክንያት ተፈልጎ የተገኘ ወጣት። ባዴጆ ከመጠጥ ቤት በተወሰደ በ45 ዓመቱ፣ ያ ሁሉ መሣሪያ እያለ፣ ዞረው ዞረው በር ሲገባ አንገቱን የሚያጎነብስ ሰው ፍለጋ ወጡ።

ቪዲዮ ቤቷ ፈርሳ ፎቅ ተሠርቶባታል፤ ፉል ቤቱ ግን ዛሬም አለ፣ ዋጋው ብቻ አይጠየቅም። በውርርዱ መሠረት አንድ ሳህን ያንተ ነው፤ ሁለተኛውን ብቻዬን ስለተሸነፍሁ እሱንም ጨምርበት። ውልህ አልቆ እንደሆነ፣ ፓስፖርትህም በእጅህ ገብቶ እንደሆነ፣ እንዲሁ በሁለት መስመር ጻፍልኝ። አልቆ ካልሆነም ጻፍልኝ፤ በዚህ ጊዜ መልስ አላዘገይም።

ወንድምህ፣
ሰሎሞን