ከደብሊን፦ ስለ ጉሊቨርና ስለዚያች ጉርሻ

እህቴ ፕሮፌሰር፣

በዚህ ስም ከጠራሁሽ ስንት ጊዜ ሆነ? ስድስት ኪሎ አንድ ማኪያቶ ለሁለት ተካፍለን፣ አንቺ ሌክቸር ስትሰጪኝ የወጣልሽ ስም ነው። እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ትንሹ መጨረሻ ሳየው ገና አፉን እየፈታ ነበር፤ አሁን ከእኔ ጋር ሊከራከር የሚችል ጎረምሳ ሆኖ ይሆናል።

የእማማን ማረፍ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን አወጣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ ስል ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱ አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከዚያ በኋላ በምን ፊቱ ይደውላል? ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። ከደብሊን ቤተ ክርስቲያን ሻማ አብርቼላቸዋለሁ፤ ያንን ግን አንቺ በምን ታውቂያለሽ።

አሁን ብዕር ያስያዘኝን ነገር ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። መጽሐፍ ነው። «የጉሊቨር ጉዞዎች»።

ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ትምህርት ጀምሬያለሁ። የሌሊት ፈረቃዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ስለሆነ ከክፍል በቀጥታ ወደ አረጋውያኑ እሄዳለሁ። በዚህ ወር የያዝነው የጆናታን ስዊፍትን ልብ ወለድ በድኅረ ቅኝ ግዛት ንድፈ ሐሳብ (ቅኝ ግዛት በድርሰት ውስጥ እንዴት እንደሚታይ በሚመረምረው) ማንበብ ነው። ጉሊቨርን እኔና አንቺ የምናውቀው በሕፃናት መጽሐፍ ነው፤ አንድ ግዙፍ ሰው፣ ዙሪያውን ድንክዬዎች በክር ጠፍረውት። ያ ከአራቱ ክፍሎች የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ያላነበበ ሰው ስዊፍት ተረት የሚያወራ አያት ይመስለዋል። ስዊፍት ግን ምን የመሰለ ነገረኛ ነው መሰለሽ!

መምህራችን ደግ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን ወደ እኔ ዞረና «አንቺ ከአፍሪካ እንደመምጣትሽ ይህን ስታነቢ ምን ይሰማሻል?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ዓድዋን ላወራለት ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «ጥሩ መጽሐፍ ነው» አልኩ። በዚያው ሌሊት፣ አዛውንቶቹ ሲተኙ፣ ሁለተኛውን ክፍል ሳነብ ራሴን አገኘሁት። ጉሊቨር በግዙፎቹ አገር አንድ ገበሬ እጅ ይወድቅና ጠረጴዛ ላይ እያቆመ ገንዘብ ይሰበስብበታል። ሰይፉን ይመዛል፣ ለጤናችሁ ብሎ ይጠጣል፣ በቋንቋቸው የተማራትን ጥቂት ቃል ይናገራል። ዋና ከተማቸው ሲደርሱ በቀን አሥር ጊዜ ነው የሚያሳየው። ጉሊቨር ከድካም ሊሞት ይደርሳል። እኔ በቀን አንዴ ነው የታየሁት፤ እሱም በነፃ።

የመጽሐፉ ትልቁ ተንኮል እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የጉዞ መጽሐፍ የሚጽፈው አውሮፓዊ ሌላውን ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ስም ያወጣለታል። ስዊፍት አገላበጠው። ድንክዬዎቹ የጉሊቨርን ኪስ ፈትሸው የንብረት ዝርዝር ሲያወጡ፣ የኪስ ሰዓቱን አይተው «የሚያመልከው አምላኩ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳያማክረው የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው» ብለው ይጽፋሉ። ከአውሮፓ የመጣ አጥኚ ስለ እኛ ስለ ብዙዎቻችን የጻፈውን ዓይነት! የሚያስቀው ደግሞ ድንክዬዎቹ አለመሳሳታቸው ነው። እስቲ ሰዓቱን ሳያይ የሚነቃነቅ ፈረንጅ አሳዪኝ።

መጽሐፉ ለንደን ላይ በፈረንጆቹ 1726 ሲወጣ የደራሲው ስም አልነበረበትም። ስዊፍት የተወለደው እዚህ ደብሊን ነው፣ በ1667፤ ከ1713 ጀምሮም የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ ነበር። መቃብሩ እዚያው ውስጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ራሱ በላቲን የጻፈውን የመቃብር ጽሑፍ አየሁት፤ የበረታ ቁጣ ከእንግዲህ ልቡን ሊያደማው በማይችልበት ስፍራ ዐርፏል ይላል። ቆሜ ሳነብ አንዲት ጎብኚ ፎቶ እንዳነሳት ካሜራዋን ሰጠችኝ። አነሳኋት።

ቁጣው ከየት መጣ መሰለሽ? አየርላንድ ያኔ የራሷ ፓርላማ ነበራት፤ ግን በ1720 የለንደን ፓርላማ በላይዋ ሕግ ማውጣት እንደሚችል ራሱ በራሱ አወጀ። በ1722 ደግሞ ዊልያም ውድ የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ፣ ለንጉሡ ወዳጅ ለአንዲት ዱቼስ 10 ሺህ ፓውንድ ጉቦ ከፍሎ የተገኘ የንጉሥ ፈቃድ ያዘና ለአየርላንድ የመዳብ ሳንቲም ሊመታ ተነሣ። ገበያውን በርካሽ ሳንቲም አጥለቅልቆ ወርቅና ብሩን ሊያወጣባቸው ነው ብለው ሰዎቹ ተቆጡ። ስዊፍት ራሱን ተራ የጨርቅ ነጋዴ አስመስሎ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ አወጣ፤ ሳንቲሙን አትቀበሉ አለ። መንግሥት ጸሐፊውን ለጠቆመ 300 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ አወጀ። ከተማው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድም ሰው አልጠቆመም። በ1725 ፈቃዱ ተሰረዘ።

አሁን ሦስተኛውን ክፍል ክፈቺ። ላፑታ የምትባል በማግኔት የምትንሳፈፍ ደሴት አለች። ንጉሡ ከላይ ሆኖ የታችኛውን አገር ይገዛል። አንድ ከተማ ካመፀ ደሴቲቱን በላዩ አምጥቶ ያቆምና ፀሐይና ዝናብ ይከለክለዋል፤ ካልተመለሰ ድንጋይ ያዘንብበታል፤ ከባሰም ደሴቲቱን ራሷን ይጥልበታል። ይህን የመጨረሻውን ግን ሚኒስትሮቹ አይወዱትም፤ ታች ርስት አላቸዋ! በቅኝ ግዛት አስተዳደር ላይ ስንት መጽሐፍ ተጽፎ ይችን አንዲት መስመር አያክልም። እና ሊንዳሊኖ የምትባል ከተማ ታምፃለች። ስሟን ቁጠሪው፣ ሁለት «ሊን» አለበት፤ ሁለት በእንግሊዝኛ «ደብል» ነው፣ ደብል ሊን፣ ደብሊን። ሰዎቹ አራት ግንብ ሠርተው በየጫፉ ማግኔት ተከሉና ደሴቲቱን ወደ ታች ሳቧት፤ ንጉሡ ሳይወድ በግዱ የጠየቁትን ሰጣቸው። ይህ ታሪክ አምስት አንቀጽ ነው፤ በስዊፍት ዘመን አልታተመም። በመጽሐፉ ውስጥ የወጣው በ1899 ነው። እኛ ሰሙን አልፎ ወርቁን መፈለግ ያስተማሩን ሰዎች ነን፤ እዚህ ግን ወርቁን አስቀድመው ፍቀው ሰሙን ብቻ ነው ለ173 ዓመት ያስነበቡት።

ክፍል ውስጥ እዚህ ስንደርስ ሁሉም ስዊፍትን ፀረ ቅኝ ገዥ ብሎ አጨበጨበለት። መጨረሻው ላይም ማስረጃ አለ። የባሕር ወንበዴዎች ማዕበል ወዳልታወቀ አገር ያደርሳቸዋል፤ ሕዝቡ በደግነት ይቀበላቸዋል፤ እነሱ ለአገሩ አዲስ ስም ያወጣሉ፣ የበሰበሰ ሳንቃ ለመታሰቢያ ይተክላሉ፣ ሁለት ሦስት ደርዘን ሰው ይገድላሉ፣ አንድ ሁለቱን ለናሙና አፍነው ይወስዳሉ፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ በመለኮታዊ መብት የንጉሡ ነው። ቀጥሎ «ይህ ግን እንግሊዞችን ከቶ አይመለከትም» ይላል። ይህንን በአባቶቻችን ዘይቤ ብናገረው ሙገሳ ለብሶ የመጣ ስድብ ነው።

እኔ ግን ማጨብጨቡ አልሆነልኝም። ስዊፍት የተሟገተለት «የአየርላንድ ሕዝብ» በዋነኛነት እንደ እሱ ከእንግሊዝ ዘር የመጣው ፕሮቴስታንት ነው። አይሪሽኛ የሚናገረውን ድሃ ካቶሊክ ሲያይ የሚያዝነውም የሚጸየፈውም እኩል ነው። በ1729 የድሆችን ልጆች ለገበታ እናቅርብ ብሎ በምፀት የጻፈ ሰው፣ በ1737 ደግሞ ያለምንም ምፀት፣ የደብሊን ለማኞች ልብሳቸው ላይ ምልክት ይስፉ፣ ከሌላ ሰበካ የመጣው ይባረር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የዚህ ንድፈ ሐሳብ ትልቅ ሊቅ ኤድዋርድ ሰዒድ ስዊፍትን ይወደው ነበር፣ ደጋግሞ ጽፎበታል፤ ገባኝ። ግን ደራሲውን በፍርድ ቤት አቁሞ ነፃ ወይም ጥፋተኛ ማለት ንድፈ ሐሳቡ ከሚያስለምዳቸው መጥፎ ልማዶች አንዱ ይመስለኛል። (እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዶክተር ጆንሰን ደግሞ «አንዴ ትልቅና ትንሽ ሰው ካሰብክ ሌላው ቀላል ነው» ብሎ መጽሐፉን አጣጥሎታል አሉ። አብረን ያነበብነውን፣ ሲራክ ኅሩይ የተረጎሙትን «ራስላስ» የጻፈው እሱ መሆኑን ታስታውሺያለሽ፤ አገራችንን ሳይረግጥ በ1759 ስለ እኛ ልዑል የጻፈ ሰው ለማጣጣል ምን አፍ አለው!)

አራተኛው ክፍል ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጉሊቨር ፈረሶች የሚገዙት አገር ይደርሳል። ፈረሶቹ ምክንያታዊ ናቸው፣ ውሸት የሚል ቃል እንኳ የላቸውም። ከእነሱ በታች ያሁ የሚባሉ ቆሻሻ፣ ጸጉራም፣ ሰው መሰል እንስሳት አሉ። (አዎ፣ የመጀመሪያ ኢሜላችንን የከፈትንበት ያሁ ስሙን ከዚሁ ነው የሚጋራው። ስንት የፍቅር ደብዳቤሽን በእንስሳ ስም ነው የላክሽው!) የፈረሶቹ ሸንጎ ያሁዎች ከምድር ገጽ ይጥፉ ወይስ አይጥፉ ብሎ ይከራከራል። የፈረሶቹም ነገር በቀለም ነው፤ ነጩና ቀዩ ፈረስ ሎሌ ሆኖ ተወልዶ ሎሌ ሆኖ ይሞታል። ልጅ ሆነን ብናነበው ኖሮ «ጥሩ ፈረሶች» ብለን እናልፈው ነበር።

ጉሊቨር ወደዳቸው። ቋንቋቸውን ተማረ፣ አረማመዳቸውን ወሰደ። የራሱን ፊት በውኃ ውስጥ ሲያይ ይዘገንነዋል። ተገልብጦ እነሱ ግን ያሁ ነህ፣ ውጣልን አሉት። የሄደበት ጀልባ በያሁ ቆዳ የተለበጠ ነው፤ ሸራውም የያሁ ቆዳ ነው፣ ለዚያውም የትናንሾቹ፣ የትልልቆቹ ወፍራም ነውና። ይህን ሲናገር ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ሲሰናበት ጌታው ፈረስ ኮቴውን አንስቶ ቢያስመው እንደ ትልቅ ክብር ቆጠረው።

ሆሚ ባባ የሚባል ሕንዳዊ ሊቅ አለ፤ ገዢው የሚፈልገው እሱን የሚመስል ግን እሱን የማይሆን ሰው ነው ይላል። ማኮሌይ የሚባል የእንግሊዝ ሹም በ1835 ሕንድ ውስጥ በደምና በቀለም ሕንዳዊ፣ በጣዕምና በአስተሳሰብ እንግሊዛዊ የሆነ መደብ እናፍራ እንዳለው። ክፍል ውስጥ ይህ ሲነበብ ሁሉም ሕንድን አሰበ። እኔ ያሰብኩት የእናንተን ሳሎን ነው።

ጉሊቨር አገሩ ተመለሰ። ሚስቱ አቅፋ ሳመችው፤ ራሱን ሳተ። የቤተሰቡ ጠረን ስለሚያስጠላው አፍንጫውን በጤና አዳምና በትምባሆ ቅጠል ይደፍናል። እንጀራውን እንዲነኩበት፣ በጽዋው እንዲጠጡ አይፈቅድም። ሁለት ፈረሶች ገዝቶ ጋጣ ውስጥ በቀን አራት ሰዓት ያወራል።

ነሐሴ 2011 ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ተመልሼ ያረፍኩት እናንተ ጋ ነው። መንገዱ ጭስ ነው አልኩ። ወረፋ አታውቁም አልኩ፤ «አታውቁም» ነው ያልኩት፣ «አናውቅም» አላልኩም። ያን እሑድ እማማ ዶሮውን ከእንጀራው ጋር ጠቅልለው ሲዘረጉልኝ፣ ቦርሳዬን ከፍቼ ሳኒታይዘር አወጣሁ። «እማማ፣ እኔ በራሴ እበላለሁ» አልኩ። እጃቸው አየር ላይ ቆየ። «አንድ ያጣላል እኮ ነው የሚባለው፣ እኔ ሁለት ላጎርስሽ ነበር» አሉና ጉርሻዋን ለትንሹ ልጅ ሰጡት። አንቺ ሳቅሽ። ታክሲ ድረስ ሸኘሽኝ፤ መንገዱን ሙሉ ግን አንድም ቃል አልተናገርሽም።

አንድ ጉርሻ ሲያጣላ ሰምቻለሁ። ጭራሽ ያልተጎረሰች ምን እንደምታደርግ አሁን ነው ያየሁት።

መምህሩ የመጨረሻውን ጽሑፍ ስለ ምን እንደምጽፍ ጠይቆኝ «ስለ ጉሊቨር ሚስት» አልኩት። በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ከረጅሙ ገበታ ጫፍ እንድትቀመጥ ተፈቅዶላታል። የምትለው ነገር ግን አልተጻፈም። አንቺ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ስድብም ቢሆን።

ለጥምቀት ፈቃድ ወስጃለሁ። ቲኬቱን ገና አልቆረጥኩም፤ መልስሽን እየጠበቅኩ ነው። ሆቴል ማረፍ እችላለሁ፣ እሱን አታስቢ። እማማ ያረፉበት ደብር ግን ብቻዬን መሄድ አልችልም። ለትንሹ የሕፃናቱን ጉሊቨር ሳይሆን ሙሉውን ገዝቼለታለሁ፤ የሊንዳሊኖን ታሪክ ሳይቀር አለበት። አንቺ ግን ቀድመሽ አንብቢው።

ያችው እህትሽ፣
ከደብሊን