እማዬ፣ «አልራበኝም» ስትይኝ

እማዬ፣

ባለፈው በስልክ ስለጮህኩብሽ ነው የምጽፍልሽ። «አልራበኝም» አልሽኝ። እኔም «አሁንስ አበዛሽው፣ እንደ ሕፃን ልለማመጥሽ ነው እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። አንቺ «እሺ ልጄ» ብቻ ብለሽ ዘጋሽው። እሺታሽን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ የሚያጥረው የተቀየምሽ ቀን ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ረሃብ ከየት ይመጣል፣ ለምንስ ይቀራል እያልኩ ሳነብ ሌሊቱን አጋመስኩት።

ረሃብ የሆድ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሆድ ወሬ አቀባይ ነው፤ የሚወስነው ጭንቅላት ነው። ከአንጎል ሥር፣ መሀል ላይ፣ ሃይፖታላመስ የምትባል ቁራጭ አለች። ሙሉው አንጎል 1,300 ግራም አካባቢ ሲመዝን እሷ 4 ግራም ገደማ ብትሆን ነው። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በደም ይልክላታል። ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ስብ ደግሞ ሌፕቲን በሚባል ሌላ ሆርሞን «ስንቅ አለን፣ አትቸኩዪ» ይላታል። አንጀትም ምግብ ሲደርሰው የራሱን ወሬ ይጨምራል። እሷ ይህን ሁሉ ሰምታ ነው «ብዪ» ወይም «ይበቃሻል» የምትልሽ። እዚያው ውስጥ አንዱ የነርቭ ሴሎች ቡድን ረሃብን ይቀሰቅሳል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ያበርዳል። ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት።

እኔን ያሳፈሩኝ ግን አይጦቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 አናንድ እና ብሮቤክ የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጦችን ሃይፖታላመስ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ትንሽ ትንሽ ቦታ ጎዱት። አይጦቹ መብላት አቆሙ። ምግቡ አፍንጫቸው ሥር ተቀምጦ ከሱ። ተቃራኒውም አለ፤ በ1949 አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ ባለው በጃክሰን ላቦራቶሪ መጥገብ የማያውቁ ወፋፍራም አይጦች ተገኙ። ኋላ ዳግላስ ኮልማን የሚባል ሰው የአንዷን የደም ዝውውር ከጤነኛ አይጥ ጋር ሲያገናኘው ወፍራሟ ምግብ ቀነሰች፤ የጎደላት ነገር በጓደኛዋ ደም መጣላት ማለት ነው። የጎደለው ሌፕቲን ነበር፤ ሌፕቲንን የሚያሠራውን ጂን፣ ማለትም በዘር የሚወረሰውን መመሪያ፣ እነጄፍሪ ፍሪድማን ያገኙት በ1994 ነው። እስቲ አስቢው፣ ያቺ አይጥ ያን ሁሉ ዘመን ሆዳም ስትባል ኖራ! አንቺን ደግሞ እኔ ግትር አልኩሽ።

ዕድሜ ሲገፋ ወሬው ይለወጣል። ጨጓራ ቶሎ አይጎድልም፣ ከአንጀት የሚመጣው የጥጋብ መልእክት ይበረታል፣ ማሽተትና መቅመስም ይደክማል። ስለዚህ ሁለት ጉርሻ ጎርሰሽ «ጠገብኩ» ስትይ እውነትሽን ነው። ይቅርታ እማዬ።

አንድ ነገር ደግሞ አሸንፈሽኛል። «ካልተኛሽ አታድጊም» ትይኝ የነበረው ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር። እውነት ነው! ሃይፖታላመስ ከሥሯ ለተንጠለጠለችው ፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ትልክና ዕጢዋ የእድገት ሆርሞን ትለቃለች፤ ትልቁ ድርሻ ደግሞ የሚለቀቀው ሌሊት፣ በመጀመሪያው ከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ሆርሞኑ ጉበት ይደርሳል፣ ጉበት ሌላ ሆርሞን ያመነጫል፣ አጥንት ይረዝማል። ሃይፖታላመስ ዕጢዋን «በቃ» የምትልበት ሌላ ሆርሞንም አላት። ከጎልማሳነት በኋላ የእድገት ሆርሞን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጡንቻ የሚሳሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በላዩ ላይ ምግብ ሲቀንስ ደግሞ ይብሳል፤ የእኔም ጭንቀት እሱ ነው።

«ይበርደኛል» ያልሽውንም አልረሳሁትም። ሰውነት ምግብን እያቃጠለ ሙቀትና ጉልበት የሚያወጣበትን ፍጥነት በብዛት የሚቆጣጠረው አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ነው። እሱንም የምታዘው ሃይፖታላመስ ናት፣ በፒቱታሪ በኩል። የምትልክበትን ሆርሞን ለማግኘት ሮጀር ጊዩሜን እና አንድሩ ሻሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እየተፎካከሩ መቶ ሺዎች የበግና የአሳማ ሃይፖታላመስ ፈጭተዋል፤ ያገኙት ጥቂት ሚሊግራም ነው። በ1969 ምንነቱን ለዩት፣ በ1977 ኖቤል ተሸለሙ። ታዲያ ታይሮይድ ሲደክም ብርድና ድካም ይመጣል። ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ ሰው ይከሳል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ እንዲያውም የምግብ ፍላጎት ሊዘጋ ይችላል። በአንድ የደም ምርመራ ይታያል።

ውኃውን ግን አልለቅሽም። ጥማትንም የምትቀሰቅሰው ይቺው ቁራጭ ናት፣ በዕድሜ ደግሞ ጥሪዋ ይዳከማል። ውኃ ጎድሎሽ ሳይጠማሽ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ሐኪም ቀንሺ ካላለሽ በቀር እስኪጠማሽ አትጠብቂ። ምግቡንም ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አድርጊው። ትልቅ ሳህን አይቅረብልሽ፤ ገና ስታዪው ነው የምትጠግቢው።

ደግሞ ሁሉንም በዕድሜ አናሳብብ። ቀሚስሽ ሰፍቶሻል፣ አይቻለሁ። ሐኪሞች አንድ ሰው ሳያስበው በ6 ወይም በ12 ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ከቀነሰ ይመርመር ይላሉ፤ 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው። ምክንያቱ የምትውጪው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ጥርስ ሊሆን ይችላል፣ ብቻን መብላትም ሊሆን ይችላል። (የመጨረሻዋን ስጽፍ አንጀቴ ተላወሰ።)

ቀጠሮ አስይዣለሁ፣ አብሬሽ እገባለሁ። የምትወስጃቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነመያዣቸው በአንድ ከረጢት አድርገሽ ጠብቂኝ። ቅዳሜ እደውላለሁ፤ «በላሽ ወይ?» አልልሽም። በመጀመሪያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

ልጅሽ