የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ክበብ፦ 22ቱን ስንቆጥር የከረምንበት ዓመት

አምና ክበባችን አራቱን ወንጌላት ለመጨረስ ተጣድፎ አንዱንም በወጉ ሳያነብ ተዘጋ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዘንድሮ ለአባላቱ «ዓመቱን ሙሉ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እና 2 አንወጣም» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንዱማ «ቲቸር፣ ይኼ እኮ በአንድ ቀን ያልቃል» አለኝ። ሰኔ ላይ የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሳው እሱ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የጀመርነው መስከረም ላይ ነው። ጉሙ ከደሴ በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ ወርዶ የትምህርት ቤቱን ግቢ ሸፍኖታል፤ መብራትም የለም። «ጨለማም በጥልቁ ላይ ነበረ» የሚለውን በስልክ ብርሃን አነበብን። «ብርሃን ይሁን» ላይ ስንደርስ መብራት መጣ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልመጣም።

ኅዳር ላይ አንድ መሪጌታ ጋበዝን። የኔታ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት ፈጠራቸው የሚባሉትን 22ቱን ፍጥረታት ልጆቹን በጣት አስቆጠሯቸው፦ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ዓርብ 4። ሰባቱ በአርምሞ (በዝምታ)፣ ዐሥራ አራቱ በነቢብ (በቃል)፣ አንዱ በገቢር (በሥራ) ተፈጠሩ። ያ አንዱ ሰው ነው፤ ለሌላው ዝምታና ቃል ሲበቃ ለእሱ አፈር ተዳሰሰለት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ማየት ጀመሩ።

በሳምንቱ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ የኦሪት ዘፍጥረትን ታሪክ እንደ ገና የሚተርከውን ጥንታዊ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ኩፋሌን ይዛ መጣች። «የኔታ፣ እዚህ እሑድ 7 ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ 4» አለቻቸው። የኔታ ሳቅ ብለው «እስቲ ደምሪው» አሏት። ያው 22 ሆነ። ኩፋሌ ራሱ ቁጥሩን ከአዳም እስከ ያዕቆብ ካሉት 22 አባቶች ጋር ያያይዘዋል። ቆጠራው የዕቃ ዝርዝር አይደለም፤ ዓለሙ ፈጣሪውን ለሚባርክ ሕዝብ ተሰናድቶ እንደ ነበር መናገሪያ ነው።

ፀሐይ ረቡዕ ከተፈጠረች እሑድ የምን ብርሃን ነበር? በዚህ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። የፊዚክስ መምህራችንም መጥተው የዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አስረዱን፤ ማንም አልተጣላም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ባስተማረባቸው ዘጠኝ ስብከቶች ውስጥ፣ ዕፅዋት ከፀሐይ ቀድመው የበቀሉት ፀሐይን የሕይወት ምንጭ አድርገው የሚያመልኩ ሰዎች እንዲያፍሩ ነው ይላል። እኔም ምዕራፉን የማነበው እንዲህ ነው፤ የምንሰግደው ለማን እንደ ሆነ ይነግረኛል። የፊዚክስ ፈተና የሚያደርጉት ሰዎች፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆኑ፣ ያደክሙኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ዓመቱን የቀየረው ነገር የመጣው። ልጆቹ ምዕራፍ 1 ላይ «መልካም» የሚለውን ሲቆጥሩ 7 ጊዜ አገኙት፤ ሰኞ ላይ ግን የለም። «ሰኞ ለእግዚአብሔርም ከበደው!» ብለው ተንከተከቱ። በጥንቱ አተረጓጎም ውኃውን የመለየት ሥራ ያለቀው ማክሰኞ ስለ ሆነ ነው ማክሰኞ ሁለት ጊዜ «መልካም» የተባለለት። (በጥንቱ የግሪክኛ ትርጉም፣ በሰባ ሊቃናት፣ ግን ሰኞም አልቀረባትም።) ሳቁ ሲበርድ ከ«መልካም» አጠገብ ሁልጊዜ «አየ» የሚል ቃል እንዳለ አስተዋልን። ፈጣሪ እየሠራ ቆም ብሎ ያያል። እኛስ መቼ ነው ቆመን ያየነው?

ስለዚህ ግንቦት ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ወረድን። በሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባ ወንዶቹ ከየኔታ ጋር ወደ ገዳሙ ሲሄዱ እኔ ከሴቶቹ ጋር ውኃው ዳር ቀረሁ። መጀመሪያ ያኮረፉ ነበሩ። «የሐሙስን ፍጥረት ጻፉ» አልኳቸው። በልብ (በደረቱ) የሚሳብ፣ በእግር የሚሽከረከር፣ በክንፍ የሚበር እያሉ ሁለት ሰዓት ዝም ብለው ተቀመጡ። አንዷ አንድን ወፍ ብቻ ስታይ ቆየች፤ አሣ ለመያዝ ስንቴ ጠልቆ ስንቴ ባዶውን እንደ ወጣ መዝግባለች። ወንዶቹ ሲመለሱ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ነበሩት የገዳሙ አበምኔት ስለ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ብዙ ሰምተዋል፤ ስለ ሐይቁ የጻፉት ግን ሁለት መስመር ነበር።

ምዕራፍ 1 ላይ ስለ ምድር «ግዙአትም» የሚለውና ምዕራፍ 2 ላይ ስለ ገነት «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» የሚለው ተጋጨብን። ወንዶቹ የመጀመሪያውን ያዙ፣ ሴቶቹ ሁለተኛውን። ክርክሩን የቆረጠው የአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው፦ «የክፍላችንን ቆሻሻ ከአጥሩ ጀርባ ቦዩ ውስጥ ስንደፋ ገዛናት ነው የሚባለው?» ጉድጓድ እንዲቆፈርልን ለአስተዳደሩ ማመልከቻ አስገብተናል። መልሱን እየጠበቅን ነው፤ ይህ ዘገባ ማስታወሻ ይሁንልን።

ከጓደኛው ጋር የሚመጣ አንድ ሙስሊም ተማሪ አለን። «ዐረፈ» የሚለው ላይ ስንደርስ እጁን አወጣ። «እኛ ዘንድ አላህ በስድስት ቀን ፈጠረ፣ ድካምም አልነካውም ነው የሚባለው፤ ሱረቱ ቃፍ ላይ አለ» አለ። ኢሳይያስ 40፥28ን አወጣንለት፦ «አይደክምም፥ አይታክትም»። ታዲያ ሳይደክመው ለምን ዐረፈ? ይኼኔ ነው ያ የመስከረሙ ልጅ መጽሐፉን ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲገልጥ ቆይቶ ቀና ያለው።

«ቲቸር፣ ስድስቱም ቀን ላይ ‹ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ› ይላል። ሰባተኛው ላይ የለም። አልመሸም እንዴ?»

ስለዚህ ዕረፍት የሚናገረውን ዕብራውያን ምዕራፍ 4ን ከፈትን። ሁለት ቁጥር እንዳነበብን ደወሉ ተደወለ። መስከረም ላይ ከ3ኛው ቁጥር እንቀጥላለን፤ ዓርብ ከሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ።